ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ጀማሪ ተማሪ አጭር ታሪክ



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ጊዜ ለመጽሔታችን ምን እንጻፍ ብለን ስንመካከር፥ አንዳንዶቻችን ስለ ነገሥታት፥ አንዳንዶቻችንም ስለ ጦርነት ታሪክ ለመጻፍ አስበን ነበር። በመጨረሻ ግን የኮምፒዩተርን ጀማሪ ታሪክ መረጥን። ይህንንም የመረጥነው ዕውቀታችንን ለማሳየት አይደለም። በኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ ያደረግነው አንድ ጥፋት ስላለ ነው። ጥፋቱንም ሳንደብቅ ከመጀመሪያው እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት፥ የ11ኛ ክፍል ትምህርት በተጀመረበት ወር፥ ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ልጅ ወደ ክፍላችን ገባ። በሒሳብ የሚስተካከለው አልነበረም። ኮምፒዩተርን ግን በሥዕል ካልሆነ በቀር አላየውም ነበር። የኮምፒዩተር ክፍላችን 12 ኮምፒዩተሮች ሲኖሩት እኛ 48 ተማሪዎች ነን፤ ስለዚህ በአንዱ ፊት አራት አራት ሆነን እንቀመጣለን። መምህራችን «ማውሱን ወደ ላይ ውሰደው» ባሉት ጊዜ ያ ልጅ ማውሱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወደ አየር ከፍ አደረገው። እኛም ክፍሉ እስኪናወጥ ድረስ ሳቅን። እርሱ ማውሱን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠ፥ እጁንም ከጠረጴዛው በታች አገባ። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል አልመጣም።

መምህራችን በዚያ ሰዓት አልተቈጡንም። በሚቀጥለው ትምህርት ግን እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ይህ ማውስ የምትሉት ነገር ከመሠራቱ በፊት ሰው ኮምፒዩተርን በምን ያዝዘው ነበር? ማን ሠራው? ለምንስ ሠራው?» ከአርባ ስምንታችን መካከል የመለሰ አልነበረም። «እንግዲያው ሁላችሁም ጀማሪዎች ናችሁ» አሉንና ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ። እኛም ያን ጥያቄ ይዘን ስንመረምር ያገኘነው ታሪክ ይህ ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናል።

በመጀመሪያ ወደ ፊላደልፊያ ከተማ እንሂድ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤኒያክ የሚባል ኮምፒዩተር ይሠራ ነበር። ክብደቱ ወደ 30 ቶን፥ በውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ቱቦዎችም ወደ 18,000 የሚጠጉ ነበሩ። የሚነካ የፊደል ገበታ ወይም የሚታይ እስክሪን አልነበረውም። ማዘዝ የሚቻለው ወፍራም ሽቦዎችን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ በሌላው በመሰካትና ብዙ ማብሪያ ማጥፊያዎችን በማዞር ብቻ ነበር።

በ1945 ዓ.ም. ይህን ኮምፒዩተር እንዲያዝዙ ስድስት ሴቶች ተመረጡ። ስማቸውም ኬይ ማክነልቲ፥ ቤቲ ጄኒንግስ፥ ቤቲ ስናይደር፥ ማርሊን ዌስኮፍ፥ ፍራን ቢላስ እና ሩት ሊክተርማን ነው። ሥራው የጦር ምሥጢር ስለ ነበረ በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ወዳለበት ክፍል እንዲገቡ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። የተሰጣቸው የኮምፒዩተሩ ንድፍ የተሣለበት ወረቀት ነው። የአሠራሩ መማሪያ መጽሐፍ አልነበረም፤ ከእነርሱ በፊት የተማረ ሰው ስላልነበረ አስተማሪም አልነበረም። እነርሱ ግን ሥዕሉን እየዘረጉ፥ መሐንዲሶቹን እየጠየቁ፥ እርስ በርሳቸውም እየተራረሙ ተማሩት። በየካቲት ወር 1946 ዓ.ም. ኤኒያክ ለሕዝብ በታየበት ጊዜ ሰው በእጁ ቢሠራው ብዙ ሰዓት የሚፈጅበትን ሒሳብ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሠራ። ያን ሒሳብ ያሰናዱት ሴቶች ግን በዚያ ቀን ስማቸው አልተነሣም፤ ሥራቸው በሰፊው የታወቀውና ክብር ያገኙት በ1990ዎቹ ዓመታት ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ዛሬ የኮምፒዩተር ሊቃውንት ብለን የምናከብራቸው እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ያወቁት ነገር ያ የገጠር ልጅ ካወቀው አይበልጥም ነበር። የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ የሚስቅባቸው ሰው በአጠገባቸው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው የብዙ ዓመት ታሪክ በሁለት ወገን ተከፍሎ የሚታይ ነው። አንደኛው ወገን «ኮምፒዩተር የሊቃውንት ነው፤ የሚፈልግ ሰው ወደ እርሱ ይውጣ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ኮምፒዩተሩ ወደ ሰው ይውረድ» ይላል። ከሁለተኛው ወገን አስቀድመው ከሚጠሩት አንዷ ግሬስ ሆፐር ናቸው። እኒህ ሴት የሒሳብ መምህርት ሲሆኑ፥ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ባሕር ኃይል ገብተው በ1944 ዓ.ም. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ይሠሩ ጀመር። በዚያ ዘመን ትእዛዝ ይጻፍ የነበረው በቁጥር ብቻ ስለ ሆነ፥ ከብዙ ቁጥር አንዲቱ ብትሳሳት ሥራው ሁሉ ይበላሽ ነበር። ሆፐር በ1952 ዓ.ም. ሰው የጻፈውን ወደ ኮምፒዩተሩ ቁጥር የሚመልስ ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም ሠሩ። ቀጥሎም የንግድና የሒሳብ ሠራተኞች ትእዛዛቸውን በሚያውቁት ቃል መጻፍ አለባቸው ብለው ተነሡ። ኮምፒዩተር ቋንቋ አያውቅም ብለው የተቃወሟቸው ብዙዎች ነበሩ። እርሳቸው ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ በ1959 ዓ.ም. መዘጋጀት የጀመረው ኮቦል የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋም የተመሠረተው በአብዛኛው በእርሳቸው አሳብ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን በአሜሪካ በኒው ሃምፕሺር ግዛት፥ በዳርትመዝ ኮሌጅ የተደረገው ነገር ነው። በዚያ ጆን ኬሜኒ እና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ ሁለት የሒሳብ መምህራን ነበሩ። ኬሜኒ በሃንጋሪ አገር በቡዳፔስት ከተማ በ1926 ዓ.ም. የተወለዱ፥ በልጅነታቸውም ከናዚዎች ክፉ ሥራ ሸሽተው ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ የገቡ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚያዝዝ ሰው ትእዛዙን በካርድ ላይ በቀዳዳ አስበስቶ፥ ካርዱን ለሠራተኛ አስረክቦ፥ መልሱን ይጠብቅ ነበር። ከርትዝም ካርዳቸውን ይዘው በባቡር ኮምፒዩተር ወዳለበት ወደ ቦስተን አካባቢ ይመላለሱ ነበር። አንዲት ነጥብ የሳተ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ከብዙ ሰዓት ወይም በማግሥቱ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ጀማሪ ሰው ሊማር እንደማይችል ሁለቱ መምህራን ተረዱት።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛው ታይም ሼሪንግ የሚባለው ነው፤ ይኸውም አንዱ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ይህ አሠራር ለአንባቢ እንግዳ ቢመስል የየኔታን ትምህርት ቤት ያስብ። ሃያ ሕፃናት በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንዱ ሀ ሁ፥ አንዱ አቡጊዳ፥ አንዱም ዳዊት በአንድ ጊዜ በታላቅ ድምፅ ያነባሉ። የኔታ ሁሉንም ይሰማሉ፤ የተሳሳተውን ሁሉ በየተራ ያርማሉ። እያንዳንዱ ልጅ የኔታ የሚሰሙት እርሱን ብቻ ይመስለዋል። የዳርትመዝ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ጊዜውን በጣም እየቈራረሰ ለሁሉም ስለሚያካፍል፥ ተማሪው ሁሉ ኮምፒዩተሩን ለብቻው የያዘው ይመስለው ነበር። ሲሳሳትም በማግሥቱ ሳይሆን ወዲያውኑ ይነገረው ነበር።

ሁለተኛው አዲስ የትእዛዝ ቋንቋ ማበጀት ነው። ስሙንም ቤዚክ አሉት። በዚህ ስም ውስጥ ከተሰበሰቡት ቃላት የመጀመሪያው «የጀማሪዎች» የሚል ነው። ስንኳን እኛ፥ ይህን ቋንቋ ለብዙ ዓመት የሚያውቁ ሰዎች ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። ትእዛዞቹ ጥቂትና ቀላል ነበሩ። ለምሳሌ «10 ፕሪንት 7 + 5» ብሎ በሁለተኛው መስመር «20 ኤንድ» ብሎ የጻፈና «ራን» ብሎ ያዘዘ ሰው ወዲያው 12 የሚል መልስ ያገኛል። ተማሪው ሥራ ሲጀምር የሚጽፈው ቃል «ሄሎ»፥ ሲጨርስም የሚጽፈው «ጉድባይ» ነበር። እንግዳን ሰላም ብሎ እንደሚቀበልና ደኅና ሁን ብሎ እንደሚሸኝ ሰው አድርገው ሠሩት ማለት ነው።

በሜይ 1 ቀን 1964 ዓ.ም.፥ ጎሕ ሳይቀድ በሌሊት፥ ሁለት የቤዚክ ፕሮግራሞች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በአንድ ጊዜ ተሠሩና ትክክለኛ መልስ ሰጡ። ይህንንም ሥርዓት ከመምህራኑ ጋር ሌሊት እያደሩ የሠሩት የኮሌጁ ተማሪዎች፥ ዕድሜያቸው ከእኛ ብዙ የማይበልጥ ወጣቶች ነበሩ። የኮምፒዩተሩም ክፍል እንደ ቤተ መጻሕፍት ሆነ፤ ሒሳብ የሚማር፥ ታሪክ የሚማር ሳይባል ለተማሪ ሁሉ ክፍት ነበር። ኬሜኒ በ1992 ዓ.ም.፥ ከርትዝ ደግሞ በ2024 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ነገር ግን ጀማሪን ከሊቅ እኩል በመቀመጫ ያስቀመጠው አሳባቸው አብሯቸው አልሞተም።

ከዚህ በኋላ ሕፃናትም ተራ አገኙ። በደቡብ አፍሪካ ተወልደው ያደጉት ሲሞር ፓፐርት ከዋሊ ፎይርዘይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር ሆነው በ1967 ዓ.ም. ሎጎ የሚባል ለልጆች የሚሆን ቋንቋ አወጡ። በዚህ ቋንቋ ልጁ አንዲት «ኤሊ» ወደ ፊት ሂጂ፥ ወደ ቀኝ ታጠፊ እያለ ያዝዛል፤ እርስዋም በሄደችበት መስመር ትሥላለች። አራት ማዕዘን ለመሣል አስቦ ሌላ ቅርጽ የወጣለት ልጅ አይቀጣም፤ የተሳሳተባትን ቦታ ፈልጎ ያስተካክላል። ፓፐርት አጥብቀው ያስተማሩት ይህን ነው፤ ስሕተት የሚፈለግና የሚታረም ነገር እንጂ ልጁን የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አሁን ወደ መምህራችን ጥያቄ፥ ወደ ማውሱ ደረስን። ማውስን ያሰቡት ዳግላስ ኤንግልባርት የተባሉ የአሜሪካ መሐንዲስ ናቸው። የመጀመሪያውን በ1964 ዓ.ም. ገደማ የሥራ ባልደረባቸው ቢል ኢንግሊሽ ሠሩላቸው። አካሉ ከእንጨት የተጠረበ ትንሽ ሣጥን ሲሆን፥ ከሥሩ ሁለት መንኰራኵሮች ነበሩት። በዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዓ.ም. ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በብዙ ባለሙያዎች ፊት አሳዩት። ተመልካቾቹ የኮምፒዩተር ዐዋቂዎች ሲሆኑ በእጅ የሚገፋ ነገር በእስክሪን ላይ ምልክትን ሲያንቀሳቅስ ብዙዎቹ ያን ቀን አዩ። ይህ አሠራር በ1973 ዓ.ም. በዜሮክስ ኩባንያ በተሠራው አልቶ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ተሻሽሎ፥ በ1984 ዓ.ም. በወጣው በማኪንቶሽ ለብዙ ሰው ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጀማሪው ትእዛዝ በቃል ማጥናት ቀረለት፤ የሚፈልገውን ነገር በሥዕል አይቶ በማውሱ ይጠቁማል። በ1990 ዓ.ም. በወጣው ዊንዶውስ ውስጥ የገባው ሶሊቴር የሚባለው የካርታ ጨዋታም የሰውን እጅ ማውስ ይዞ መጐተትን ያለማመደ ነው።

ይህ መጠቆም ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ፊደል ሲቈጥሩ በእጃቸው ስንደዶ ይዘው ከሀ ጀምረው እያንዳንዱን ፊደል እየጠቆሙ ይሉ ነበር። ዓይን እንዳይስት እጅ ይመራዋል። ማውስም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስንደዶ ነው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም። ያም ጓደኛችን ማውሱን ወደ አየር ያነሣው ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም፤ «ወደ ላይ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ላይ ሰማይ ስለ ሆነ ነው። በጠረጴዛ ላይ ወደ ፊት የተገፋ ነገር በእስክሪን ላይ ወደ ላይ እንደሚሄድ ካልተማሩ በቀር በተፈጥሮ የሚያውቅ ሰው የለም። የተሳሳተው እርሱ ሳይሆን በደንብ ያልተነገረው ቃል ነበር።

አገርን በሙሉ እንደ አንድ ክፍል ቈጥሮ ማስተማርም ተሞክሯል። በእንግሊዝ አገር ቢቢሲ የሚባለው የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ስለ ኮምፒዩተር ለጀማሪ የሚያስተምር ተከታታይ ፕሮግራም በቴሌቪዥን አሳየ። ለትምህርቱም አኮርን በተባለ ኩባንያ የተሠራ ቢቢሲ ማይክሮ የሚባል ኮምፒዩተር ወጣ፤ ይህም በእንግሊዝ አገር አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ገባ። ለዚህም የተመረጠው ቋንቋ ያው ቤዚክ ነበር።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የአሜሪካው ጀማሪ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ኮምፒዩተሩን ነው። የእኛ አገር ጀማሪ ግን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይማር ነበር፤ ኮምፒዩተሩን፥ የላቲን ፊደልን፥ የእንግሊዝኛንም ቋንቋ። ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ የእኛን ፊደል አያውቅም ነበር።

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ ቤት ዘግይቶ የገባ አይደለም፤ በ1513 ዓ.ም. በሮም ከተማ የታተመው መዝሙረ ዳዊት ለዚህ ምስክር ነው። ችግሩ የመጣው በጽሕፈት መኪና ነው። በአሜሪካ ክሪስቶፈር ሾልስ የሠሩትና በ1874 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው የጽሕፈት መኪና 26 ለሆነ ፊደል የተበጀ ነው። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኀዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያ ይበልጣሉ። የመኪናው ቁልፎች ግን ከ50 ያነሱ ናቸው። ይህን ችግር ለማስወገድ ከደከሙት ኢትዮጵያውያን መካከል ኢንጂነር አያና ብሩ በስም የሚታወቁ ናቸው። በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ይሠራባቸው በነበሩት የአማርኛ መኪናዎች ላይ የፊደሉ አካል በአንድ ቁልፍ፥ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ በሌላ ቁልፍ እየተመታ ፊደሉ በወረቀቱ ላይ ይገጣጠም ነበር።

ከመካከላችን የአንዱ አያት በወጣትነታቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ስለዚህ ጽሑፍ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ፥ «ልጆቼ፥ በመጀመሪያው ሳምንት ትንሿ ጣቴ በቁልፎቹ መካከል እየገባች ትቈስል ነበር። አለቃዬ ፊት ላለማልቀስ ወደ ውጭ እወጣ ነበር» ሲሉ ነገሩን። በኋላ ግን ወረቀቱን እንጂ ቁልፉን ሳያዩ የሚጽፉ ሆኑ።

የኮምፒዩተር ዘመን በመጣ ጊዜ የጽሕፈት መኪናው ድካም እንደ አዲስ ተጀመረ። በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፥ ከእነርሱም መካከል ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፥ ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችል ሥራ ሠሩ። ሌሎችም ብዙዎች ተከተሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በራሱ ቁጥር ስለ መዘገበው፥ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ይህ ነገር የተቃናው ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታ ያለው የራሱ ክፍል ተሰጠው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ከነመጻፊያው ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ መጻፍ የፈለገ ሰው ሌላ ዕቃ ሳይለምን ሊጽፍ ቻለ።

ዳሩ ግን ሥራው ሁሉ አልቋል ለማለት አንደፍርም። እኒያን አያት ወደ ኮምፒዩተር ክፍላችን ጋብዘናቸው «ሰላም» ብለው እንዲጽፉ ለመንናቸው። ጣታቸው ሳያይ ወደሚያውቀው ቦታ ሄደ፤ ፊደሉ ግን በዚያ አልነበረም። በክፍላችን ባለው አጻጻፍ «ሰላም» የሚጻፈው በላቲን ፊደል ድምፁን ተከትሎ ነውና፤ «ኤስ»ና «ኢ» ሲመቱ «ሰ»፥ «ኤል»ና «ኤ» ሲመቱ «ላ»፥ «ኤም» ሲመታ «ም» ይወጣል። ሠላሳ ዓመት አማርኛ የጻፉ ሴት አማርኛ ለመጻፍ ዳግመኛ ጀማሪ ሆኑ። ፊደል ብቻ ቈጥሮ የላቲንን ያልተማረ አባት ወይም እናትማ ከበሩ ላይ ይቀራል ማለት ነው። በስልክ ላይ ፊደሉን እንዳለ የሚያሳይ መጻፊያ ስላለ ለብዙዎች ይህ ቀሏል፤ በኮምፒዩተር ግን የሚቀረው ሥራ ለእኛ ትውልድ የተተወ ይመስለናል። አያታችን ግን ሳይቀየሙ እየሣቁ፥ «ደግሞ እንደ ገና ሀ ልበል?» አሉና በአንድ ጣታቸው «ሰላም» ብለው ጻፉ። ከዚያም ወንበሩን ሳይለቁ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠሩ።

አንዳንድ ሰው «ልጆች በራሳቸው ይማሩታል፤ መምህር ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። ለዚህም ታሪክ ምሳሌ አለው። በ1999 ዓ.ም. በኒው ዴልሂ ከተማ ሱጋታ ሚትራ የተባሉ ሰው ድኾች በሚኖሩበት ሰፈር አጠገብ ባለ ግንብ ውስጥ ኮምፒዩተር አስገብተው ለሕፃናት ተዉላቸው። ሕፃናቱ ተሰብስበው፥ አንዱ ያገኘውን ለሌላው እያሳየ፥ በጥቂት ጊዜ አሠራሩን ለመዱ። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ መንደሮች ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት የሚባሉ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች በካርቶን እንደ ታሸጉ ተሰጥተው ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው እንደ ተጠቀሙባቸው ተነግሯል። ይህ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነገር እናያለን፤ የሕፃናቱ አስተማሪ ባይኖርም ጓደኛ ነበራቸው፤ ያገኘው ላላገኘው ያሳይ ነበር። ደግሞም በነገሩ መጫወትና በነገሩ ጕዳይን መፈጸም የተለያዩ ናቸው። ደብዳቤ ለመጻፍ፥ ሒሳብ በሠንጠረዥ ለማስቀመጥ፥ የጻፉትን ጠብቆ ለማኖር የሚያርም መምህር ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ዛሬ ለእኛ የጨዋታ ነገር አይደለም። በ2024 ዓ.ም.፥ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም.፥ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንድ ወገን ተማሪዎች በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። እንግዲህ አስቡት። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ፥ መልሱን በልቡ የያዘ ልጅ እጁ ማውሱን ስላልለመደ ብቻ ቢወድቅ ፈተናው የተፈተነው ዕውቀቱን ነው ወይስ የመጣበትን መንደር? በክፍላችን የተሳቀበት ልጅ ከሁላችን ይልቅ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል።

ታሪኩን መርምረን ከጨረስን በኋላ ያ ጥፋታችን በሳቅ ብቻ እንዳልተወሰነ ገባን። አራት ሆነን በአንድ ኮምፒዩተር ፊት ስንቀመጥ ማውሱን የሚይዘው ማን ነበር? ሁልጊዜ የሚያውቀው ነበር። በቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ልጅ ይይዛል፤ ሦስቱ ያያሉ። ስለዚህ የሚያውቀው ይበልጥ ያውቃል፤ የማያውቀውም ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ከርትዝና ኬሜኒ ተማሪውን ሁሉ በየራሱ የጽሕፈት ገበታ ፊት ያስቀመጡት ይህን አስቀድመው ስላዩ ነው። እኛ 48 ኮምፒዩተር ልንገዛ አንችልም። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሕግ ልናወጣ ቻልን። መምህራችንን አስፈቅደን በግድግዳው ላይ እንዲህ ብለን ለጠፍን፦ «ማውሱን የሚይዘው የማያውቀው ነው። የሚያውቀው በአፉ ይንገር፤ እጁን ግን ወደ ኋላ ያድርግ።»

መጀመሪያ ነገሩ አስቸገረን። የሚያውቅ ሰው እጁን መግታት በጣም ይከብደዋል፤ ሌላው ቀስ ብሎ ሲፈልግ እርሱ ትዕግሥቱ ያልቃል። ደግሞም በአፍ ለማስረዳት ስንሞክር እናውቃለን ያልነውን ብዙ ነገር በሚገባ እንዳላወቅነው ተገለጠልን። «ወደ ላይ» ከማለት ይልቅ «ማውሱን ከጠረጴዛው ሳታነሣ ከራስህ አርቀው» ማለትን ተማርን። በአንድ ወር ውስጥ ሥራችን ሁሉ ዘገየ፤ በሁለተኛው ወር ግን ማውስ የማይዝ ተማሪ በክፍላችን አልቀረም።

ስለዚያ ጓደኛችን ደግሞ ይህን እንናገራለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእኛ ሦስት ልጆች ወደሚያድርበት ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ብዙ ሳይናገር «ነገ እመጣለሁ» አለን፤ መጣም። ዛሬም ቢሆን ፈጥኖ አይጽፍም። ዘንድሮ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች መጀመሪያውን ትምህርት የሚያሳየው እርሱ ነው። መምህራችን እርሱን ለምን እንደ መረጡ ስንጠይቃቸው፥ «የጀመረበትን ቀን የማይረሳ እርሱ ስለ ሆነ ነው» አሉን። ይህን ጽሑፍም በፊደል ገበታው ላይ ቈጥሮ የጻፈው እርሱ ነው። ስለ እርሱ የጻፍነውንም አንብቦ እንዲቀር አልፈለገም።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ወደ ትምህርት ቤታችን በመጣችሁ ጊዜ የኮምፒዩተር ክፍላችንን ሳታዩ አትሂዱ። የምታፍሩበት ነገር የለም። ከላይ እንዳያችሁት የዚህ ዕቃ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ የጀማሪዎች ታሪክ ነው። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ እኛ ዘንድሮ ጨርሰን ስንሄድ ያን በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንዳታነሡት አደራ እንላችኋለን። ሀ ያላለ ፐ አይደርስምና፥ ሀ የሚለውን ሰው አትሳቁበት።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።